ተፍቆ ያደረው የቡታጅራ ድስት

ወልቂጤ የሄድኩት በስህተት ነው። ልጄ ተክሌ የታሰረው ቡታጅራ ነበር። ወሬውን ያመጣልኝ ነጋዴ ግን የሚመላለሰው በጅማ መንገድ ስለነበር፣ «ጉራጌ አገር፣ ጣሊያኖቹ ዘንድ» ሲባል የሰማውን በራሱ ግምት ወልቂጤ አደረገው። እሱን አልወቅሰውም። የምወቅሰውን ሰው ጊዜው ሲደርስ በስሙ እጠራዋለሁ።

ዘመኑ የጣሊያን ነበር። እኔ ጉለሌ ተቀምጬ የመዳብ ዕቃ ቆርቆሮ እየቀባሁ እተዳደር ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያውቅ ስለሌለ ላስረዳ። የመዳብ ድስት ውስጡን ነጭ ቆርቆሮ ካልተቀባ ጎምዛዛ ነገር ሲያድርበት መዳቡ ወደ ምግቡ ይገባል፤ የበላው ሰው ሆዱን ይዞ ያድራል። ስለዚህ ድስቱ ይፋቃል፣ እሳት ላይ ይግላል፣ ቆርቆሮው ይቀልጥበትና በጨርቅ ይዳረሳል። ሙያውን እኔ ከአባቴ ተማርኩ፤ ባሌ መንገሻ ከእኔ፤ የባሌ ወንድም ሽብሩ ከባሌ። ይህን ቅደም ተከተል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሽብሩ ቡታጅራ ተቀምጦ ሙያውን ከአባት ከአያቱ የወረሰው ይመስል ሲያወራ ኖሯል።

ሌላም አለ። ባሌ የሞተ ጊዜ ይኸው ሽብሩ ለቅሶ መጥቶ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ «ወንድሜ የባለ እጅ ልጅ አግብቶ ነው በዓይን የተበላው» አለ። ሲሄድም የአባቴን የመፋቂያ ብረት ከግድግዳው ላይ አውርዶ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አላየሁም። ተክሌ ግን ሃያ ዓመት ሲሞላው «አጎቴ ዘንድ ሥራ አለ፣ ጣሊያኖች መንገድ እየሠሩ ነው፣ የካምፑ ድስት ሁሉ የሚቀባው እዚያ ነው» ብሎ ተነሣ። አትሂድ አልኩት። ሄደ።

ነጋዴው ያመጣው ወሬ እንዲህ ነበር፤ ተክሌ በቀባው ድስት የተሠራ ወጥ የበሉ የመንገድ ሠራተኞች ታመሙ፤ ሁለት ጣሊያኖችም አብረው ወደቁ፤ የሞተ የለም፣ ነገር ግን መርዝ ነው ተብሏል። በዚያ ጊዜ ጣሊያን መረዘ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ጉለሌ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የያዝኩት ቆርቆሮ፣ ጨርቅ፣ በቀንድ የታሸገ የሥራ ጨውና ሁለት ቀን የሚያደርስ ዳቦ ነበር።

የተሳፈርኩት ሲሚንቶ የጫነ ካሚዮን ላይ ነው። ሹፌሩ ክፍሎም የሚባል የአሥመራ ልጅ ነበር። ከሲሚንቶው ላይ ስድስት ሰው ተቀምጠናል። ቱሉ ቦሎን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ራዲያተሩ አፈላና ቆምን። ክፍሎም ወርዶ ቀዳዳውን አገኘው፤ የላምባ ምድጃውን አቀጣጠለ፤ የናሱን ቀዳዳ ዙሪያ እስኪያብረቀርቅ ፋቀ። ከዚያ ከዋሊሶ በኩል የሚመጣ ሌላ ካሚዮን አጠገባችን ቆመ። ሁለቱ ሹፌሮች ስለ መንገዱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ አንድ ሴት እያወሩ ሲጋራ አጨሱ። ክፍሎም ተመልሶ ሲበይድ እርሳሱ ተድበልብሎ መሬት ወደቀ። ደግሞ ፋቀ፤ ደግሞ አወራ፤ ደግሞ ወደቀ።

«ይሄ እርሳስ የተረገመ ነው» አለ።

«እርሳሱ ምንም አልሆነ። የተረገመው አፍህ ነው» አልኩት ከላይ።

ሰዎቹ ሳቁ። ክፍሎም ቀና ብሎ አየኝ። «አፌ ደግሞ ምን አደረገሽ፣ አደይ?»

«ከፋቅህ በኋላ ወሬ ትጀምራለህ።»

«ታዲያ ናሱ ወሬ ይሰማል?»

«ናሱ አየር ይሰማል። ና፣ እኔ ልፋቅ። አንተ ብረቱን አግለህ ያዝ። እጄ እንደተነሣ አሳርፍበት። እስኪይዝ ድረስ ማንም እንዳይናገር፤ ሰላም የሚላችሁ ቢያልፍም አትመልሱ።»

ይህ የአባቴ ቤት ደንብ ነበር። መፋቂያው ከተነሣ ጊዜ ጀምሮ ቆርቆሮው እስኪያርፍ ድረስ የሰላምታ መልስ የለም። ጎረቤት ያልፋል፣ «እንደምን ዋልክ» ይላል፣ አባቴ ዝም ይላል። ሰዉ ይህን ትዕቢት አለው፤ የባሰበትም ቡዳ ሊበላን ሲያጠና ነው አለ። አባቴ የሚያጠናው መዳቡን ነበር። የተፋቀ ብረት አይጠብቅም።

ፋቅሁ፤ ክፍሎም አሳረፈ፤ እርሳሱ እንደ ቅቤ ተዳርሶ ገባ። ክፍሎም በጣቱ ነካክቶ ራሱን ነቀነቀና ከሲሚንቶው ላይ አውርዶ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ዋሊሶ ያደርንበት ቤት ድረስ ዳቦዬን አላስነካኝም፤ የራሱን አበላኝ።

በማግስቱ ወልቂጤ ገባን። ከተማ ለመባል ገና ነበረች። መንገድ አለ፣ በመንገዱ ዳር አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች አሉ፣ ከእነሱ ጀርባ እንሰት ነው። ጉለሌ ሰው ከሰው ቤት ተደግፎ ነው የሚኖረው፤ እዚህ እያንዳንዱ ቤት በእንሰቱ ተከልሎ ለብቻው ነው። በጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ አንድ አስተርጓሚ ወጣና «የድስቱ ልጅ? እሱ እኮ ቡታጅራ ነው፣ እናቴ። እዚያ ማዶ» ብሎ በተራራው በኩል በጣቱ አሳየኝ።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ግን መነሣትም አቃተኝ። ቆጮ የምትሸጥ ወይዘሮ ደስታ የምትባል ሴት ከፊቴ ቆመች።

«የማን እንግዳ ነሽ?»

«የማንም።»

«እንዲህማ አይባልም። ተነሺ፣ የእኔ ነሽ።»

ያን ዕለት ቤቷ አደርኩ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ሥራዬን ብነግራት ምን እንደምታስብ አላውቅም ነበርና። ጠዋት ግን እጄን ይዛ ጥቁሩን ጥፍሬን አየችው። «ቀጥቃጭ ነሽ» አለች። እጄን ሰበሰብኩ። «የእኔ አባት ማረሻ የሚሠራለት ሰው ነበረው። በየዓመቱ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር የሚበላው፤ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ልጅ ሆኜ ደስ አይለኝም ነበር» አለችና የራሷን ቡልኮ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። «ተራራው ላይ ይበርዳል። ተመልሰሽ ስትመጪ ትሰጪኛለሽ፤ ካልመጣሽም ልበሺው።»

ወደ ቡታጅራ የሚሻገር ሰው ያገኘችልኝም እሷ ናት። አባ ኑሪ የመስቃን ሰው ነው፣ ነጋዴ፣ ጺሙ የሸበተ፣ ሁለት በቅሎ ያለው። «ቢስሚላህ» አለና ወጣን። ሦስት ቀን ፈጀብን።

የመጀመሪያውን ቀን በቅሎዋ ጉድ ሠራችኝ። ከእምድብር ወዲያ አንድ ወንዝ ስንሻገር መሐል ላይ ስትደርስ ተኛች። እኔ ዘልዬ ወረድኩ፤ ቦርሳዬ ግን ውሃ ገባ። ቆርቆሮው ምን ይሆናል፤ ጨርቁም ይደርቃል። ቀንዱ ግን ክዳኑ ተነቅሎ ነበር። ጨዌ ከወንዙ ጋር ሄደ።

አባ ኑሪ በሐዘኔ ተገርሞ «ጨው እኮ ገበያ ሞልቷል፣ እትዬ» አለኝ።

«የሚበላ ጨው አይደለም። የዓረብ ነጋዴዎች የሚያመጡት ነው፤ አሁን ደግሞ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ አይገኝም። መዳቡን የያዘውን ነገር የሚያስለቅቀው እሱ ነው።»

«ምንድን ነው የያዘው? ፍቀሽ አጽድተሽው የለም እንዴ?»

በቅሎዋን እየሳብን ባወቅሁት ልክ ነገርኩት። ዛሬ ግን የተሻለ መናገር እችላለሁ፤ የልጄ ልጅ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፣ ይህን ስነግራት ስቃ ምሥጢሩን ገለጠችልኝ። ብረት ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቅንጣት በላይም በታችም በጎንም ጎረቤት አለው፤ እጁ ተይዟል። ከላይ ያለው ግን በላዩ ጎረቤት የለውም። ስትፍቂው አዲስ ፊት ይወጣል፤ በዚያ ፊት ላይ ያሉት ሁሉ እጃቸው ባዶ ነው። አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን መጥቶ ሲነካው ለሁለት ይሰነጠቅና እጅ በእጅ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ድርብ በዓይን ጥቅሻ ነው የሚሞላው። ከሱ በላይ የሚያርፈው እርጥበትና ሌላው ሽታ ለስለስ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ እሳት ሲያገኘው ይነሣል። የመጀመሪያው ግን በእሳት አይለቅም፤ እንዲያውም ሲቆይና ሲግል ሥር ይሰድዳል። ወርቅ ብቻ ነው ይህን እጅ የማይዘው፤ ለዚህ ነው የማይዝገው። ድርቡ ከመቅጠኑ የተነሣ መዳቡ ያበራል፤ የሚያየው ሰው ንጹሕ ነው ይላል። ቆርቆሮው ግን ሲመጣ የሚጨብጠው ባዶ እጅ አያገኝም።

አባ ኑሪ ግን ያን ቀን የነገርኩትን በሌላ መንገድ ነው የተረዳው። «እንግዲያው ቶሎ የመጣ ነው ቦታውን የሚይዘው» አለ።

«አዎ። ስለዚህ ነው የምንቸኩለው።»

«ለልጅሽም ነው እንዴ የምንቸኩለው?» አለኝና በቅሎዋን መታት።

ሁለተኛውን ቀን ያደርነው ከተራራው አናት በታች፣ ከዘመዶቹ ቤት ነው። ቤቱ ክብ ነው፣ ከፍታው ቤተ ክርስቲያን ያህላል፣ ወለሉ ከእኔ ማዕድ ይልቅ ንጹሕ ነው። ብርዱ ያለ ቡልኮው ይገድለኝ ነበር። እራት ቆጮና ጎመን መጣ፤ ለእነሱ አይብ አለበት፣ የእኔ የለበትም። ሴትዮዋ «ዛሬ ረቡዕ ነው። የእናንተ ጾም ነውና ለይቼ ነው የሠራሁልሽ» አለችኝ። በልጄ ጭንቀት ቀኑን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ ወረድን። እዚያ ሙቀት አለ፣ ገበያ አለ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ይተያያሉ። አባ ኑሪ እስከ ሽብሩ ደጅ አድርሶኝ «ልጅሽ እስኪፈታ በየቀኑ እዚህ በር ላይ አልፋለሁ፤ ካስፈለግሁሽ ጥሪኝ» አለ። አለፈም፣ በየቀኑ።

ሽብሩ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ቀድሞ ወፍራም ነበር፤ ከስቷል።

«አስካለ! ማን ነገረሽ?»

«አንተ አልነገርከኝም።»

«እኔ እኮ እየለፋሁ ነው። ሰው ይዣለሁ። ልጁ ደግሞ ራሱ ነው፤ ሥራው ላይ ችኩል ነው። ብዬው ነበር።»

«ምን ብለኸው ነበር?»

ሚስቱ ብርቄ እግሬን አጥባ፣ ወተት ሰጥታ፣ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ብርቄን በለቅሶው ጊዜ ከባሏ ጋር አንድ ላይ ጠልቻት ነበር። ይቅር ትበለኝ።

በነጋታው ተክሌን ለጥቂት ጊዜ አሳዩኝ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። «ድስቱን እንዴት ቀባኸው?» አልኩት። «እንደ ወትሮው» አለ። «ጨው ነበረህ?» «ትንሽ።» «ማን ፋቀው?» መሬት መሬት አየ። «እኔ» አለ። ልጄ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እውነቱን የነገረችኝ ብርቄ ናት፤ እንሰት ስትፍቅ ከጎኗ ተቀምጬ። «ባሌ ነው የፋቀው» አለች ቀና ሳትል። «በሚካኤል ዋዜማ። ፋቀና ጀንበር ጠለቀች። በሚካኤል እሳት አይነድም፤ የእኛ ቤት ስለት ነው። ሳይቀባ ዋለ። ካምፑ ደግሞ ድስቱን ይፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት ተክሌ 'እንደገና ልፋቀው' አለው። እሱ ግን 'እንደ መስተዋት ያበራል፣ ምኑን ትፍቃለህ፣ ደግሞ ሊመሽብን ነው?' አለው። አጎቱ ነው፣ እሺ አለ።» ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ብትናገሪበት አልቀየምሽም፣ አስካለ። ግን ልጆቹን አስቢ።»

ድስቱ ተፍቆ የቆየው ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ነው፣ እንሰት ከሚቦካበት ጉድጓድ አጠገብ፣ ከሰል በሚጨስበት ቤት። ቆርቆሮው መዳቡን አልያዘውም፤ ላዩ ላይ ነበር የተኛው። ካምፕ ውስጥ ሳልሳ ያለበት ወጥ አድሮበት ተላጠ። መርዙ ይኸው ነው።

የቡታጅራው ማርሻሎ፣ ልጄን ያሰረው የጣሊያን ሹም፣ ሸምገል ያለ፣ በሽታው ገና ያልለቀቀው ሰው ነበር፤ ከታመሙት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። የመጣሁበትን በአስተርጓሚ ነገርኩት። ሳቀ፤ አስተርጓሚውም ሳቀ።

«አየር ነው የመረዘኝ ትላለች?»

«ሁለት ሌሊት ስጠኝና አሳይሃለሁ። ካላሳየሁህ እኔንም እሰረኝ።»

ከብርቄ የመዳብ ትሪ ተዋስኩ። መፋቂያ ደግሞ ከሽብሩ ዘንድ ጠየቅሁ፤ የአባቴን ብረት ሲያቀብለኝ ዓይኑን ሰበረ። በማርሻሎው ፊት ትሪውን ግማሹን ፋቅሁ። እንደ ፀሐይ አበራ። «ይኸው ጸድቷል?» አልኩ። «ጸድቷል» አለ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከምድጃው በላይ አኑሮ ቆለፈበት። እነዚያን ሁለት ሌሊቶች ከሽብሩ ጋር በአንድ ማዕድ በላሁ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በሦስተኛው ጠዋት ግቢው ሞላ፤ ተክሌንም አውጥተው አቆሙት። ማርሻሎው ትሪውን አወጣ፤ የፋቅሁት ወገን አሁንም ያበራል፣ ትንሽ ብቻ ቀላ ብሏል። እሳት አነደድኩ። ጨው የለኝም፤ ከገበያ ያገኘሁትን የጥድ ሙጫ ነው የያዝኩት። ሙጫ አየሩን ያግዳል እንጂ የያዘውን አያስለቅቅም። ሌላውን ግማሽ መፋቅ ስጀምር ማርሻሎው አንድ ነገር ጠየቀ።

«ለምን አሁን ትፍቂዋለሽ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ዝም።

«እናቴ፣ ማርሻሎው እየጠየቀሽ ነው!»

ዝም። ወታደሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። ከኋላዬ የአባ ኑሪን ድምፅ ሰማሁ፤ «ተዋት፣ ሥራዋ ነው!» አለ። መፋቂያውን ጣልኩ፣ ሙጫውን ቀባሁ፣ ቆርቆሮውን በሁለቱም ወገን አቀለጥኩ፣ ጨርቁን አሳለፍኩ። አሁን በፋቅሁት ላይ እንደ ወተት ተዘረጋ። ሁለት ሌሊት ባደረው ላይ ውሃ በቅቤ ላይ እንደሚንከባለል ተንከባለለ፤ የቀረውንም ስጭረው በጥፍሬ ተላጠ።

«አሁን ልመልስለት» አልኩ። «አየር ሳይቀድመኝ ልቀባው ብዬ ነው አሁን የፋቅሁት።»

ማርሻሎው ጎንበስ ብሎ በራሱ ጥፍር ጫረ። የካምፑን ድስት አስመጣ፤ የተላጠበትን አየ። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀ።

«ይህን ድስት ፍቆ ያሳደረው ማን ነው?»

ሽብሩ ከብርቄ ጎን ቆሟል። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ነበር፤ አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። ተክሌ በዚያች በተከፈተች ዓይኑ አየኝ። በድብደባ ያላወጣውን ስም ነው እኔ ላወጣው የነበረው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጁን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን በደንብ አላስተማርኩትም።»

በሕይወቴ ስለ ሥራዬ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት እንዳቃጠለኝ የሚያውቅ ባለ ሙያ ነው።

ማርሻሎው አላመነኝም መሰለኝ፤ ግን ጥያቄውን አልደገመም። ድስቱ እንደገና ይቀባ፣ ሳልሳ ያለበት ወጥ ይደርበት፣ ጠዋት ድስቱን የቀቡት ሰዎች ቀድመው ይብሉ፤ ካልታመሙ ልጁ ይፈታል አለ። እኔ ሽብሩን በጣቴ ጠራሁት። «ፋቅ» አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት ፋቀ። አንድ ጊዜ ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁትና መልሶ ዘጋው። እጁ እንደተነሣ ቀባሁ።

ጠዋት እኔ በላሁ። ሽብሩ ጭልፋውን ይዞ ቆመ።

«እኔ አንተ የፋቅኸውን አምኜ በላሁ» አልኩት።

በላ። ሁለታችንንም እስከ ቀትር በግቢው አስቀመጡን። ምንም አልሆንንም። ተክሌ ወጣ።

በማግስቱ ሽብሩ እንደ አገሩ ወግ ከከተማው ጫፍ ድረስ ሸኘን። አባ ኑሪ በቅሎዎቹን ይዞ ከፊት፣ ተክሌ ከኋላው፤ እኔና ሽብሩ መጨረሻ። የእንሰቱ አጥር ሲያልቅ ቆመና፣ ከመጣሁበት ዕለት በኋላ መጀመሪያ የተናገረኝ ያኔ ነው።

«አስካለ፣ ሚካኤል ነበር እኮ። እሳት አይነድም ነበር።»

«ታዲያ ድስቱን አትፍቀው ነበር» አልኩትና በቅሎዬ ላይ ወጣሁ።